ለካምፕና ለተራራ ጉዞ አንድ ቢላ ብቻ ቢያዝ የትኛው ይሻላል?

ወንጪ ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። በአዲስ አበባ ከሚገኝ የተጓዦች ቡድን ጋር ቅዳሜና እሑድ ወደ መናገሻ ሱባ ደንና ወደ ወንጪ እወጣለሁ። ክረምቱ ሲያበቃ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በድንኳን እያደርን ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ለመጓዝ አስበናል። እስካሁን የወጥ ቤት ቢላ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። ይህ ለሻንጣውም ለእጅም አደገኛ ስለሆነ፣ ምግብ ለማዘጋጀት፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ እንጨት ለመጥረብና ድንገተኛ ችግር ቢገጥም የሚያገለግል አንድ ጥሩ ቢላ መግዛት እፈልጋለሁ።

ገበያ ላይ «የነፍስ አድን ቢላ» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ጀርባቸው መጋዝ ነው፤ እጀታቸውም ውስጡ ክፍት ሆኖ ክብሪትና ኮምፓስ ይይዛል። ረጅም ልምድ ያላቸው ተጓዦች ግን ትንሽና ቀለል ያለ ቢላ ታጥቀው ነው የማያቸው። በመጪው ወር ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ከውጭ ማስመጣትም እችላለሁ። ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ብረቱ ዓይነት፣ እንዲሁም ታጣፊ ይሁን ወይስ ቋሚ በሚለው ላይ ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዳላርና

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስዊድን ነው፤ እዚህ አገር ቢላ ለጫካና ለእርሻ ሥራ በየቤቱ የማይጠፋ ዕቃ ስለሆነ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

እጀታው ክፍት የሆነውን ቢላ ከወዲሁ ይተዉት። የቢላ ጥንካሬ የሚወሰነው ከውጭ በሚታየው ብረት ብቻ ሳይሆን ወደ እጀታው ውስጥ በሚዘልቀው ብረት ጭምር ነው። እጀታው የክብሪት ማስቀመጫ ከሆነ ብረቱ እጀታው አፍ ላይ ይቆማል ማለት ነው፤ ጫና ሲበዛበት የሚላቀቀውም እዚያው ላይ ነው። የጀርባው መጋዝም ቢሆን ጥርሱ አጭርና ወፍራም በመሆኑ እንጨት ለመቁረጥ አይረባም፤ ይልቁንም አውራ ጣትዎን አሳርፈው መግፋት የሚገባዎትን ቦታ ይወስድብዎታል። በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ ጩቤ መሰል ቢላም በዚሁ ምክንያት ለካምፕ አይሆንም።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ስለቱ ከ9 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ ቢላ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። ከዚያ ካነሰ ዳቦና ድንች ለመቁረጥ ያስቸግራል፤ ከበለጠ ደግሞ ጫፉ ከእጅ ስለሚርቅ ረቂቅ ሥራ ላይ መቆጣጠር ያዳግታል። እኔ የምመክረው በዳላርና ግዛት በምትገኘው በሞራ ከተማ የሚሠራውን የሞራኪኒቭ «ኮምፓኒየን» ነው። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ቢላ የሚያመርቱ ድርጅቶች ያሉበት ነው። የኮምፓኒየን ስለት 10.4 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ዋጋው ታዋቂ ከሆኑት የአሜሪካ ቢላዎች በብዙ ያነሰ ሲሆን፣ እዚህ አገር አናጺውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ወታደሩም የሚይዘው ይህን መሰል ቢላ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን አሳሳሉ ላይ ነው። በሁለቱም ጎን ከመሃል አካባቢ ጀምሮ እስከ ስለቱ የሚወርድ አንድ ሰፊ ዝርግ ተዳፋት አለው። ያንን ተዳፋት እንዳለ ድንጋዩ ላይ ካስተኙት አንግሉ ራሱ ልኩን ይይዛል፤ ጀማሪም ቢሆን ሳያበላሽ መሳል ይችላል። በእኔ እምነት ከብራንድ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሊስለው የማይችል ቢላ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በረጅም ጉዞ መካከል ጥቅም አይሰጥም።

የደባርቅ ልጅ

እንግዳችንን ወደ አገራችን እንኳን ደህና መጡ እላለሁ። ከማብሰያ ቡድን ጋር ወደ ተራራው ስለምወጣ፣ ሰሜን ላይ ቢላ ምን እንደሚሠራ ከቦታው ልንገርዎ።

ከሥራው ሁሉ የሚበዛው ምግብ ነው። ሽንኩርት፣ ካሮትና ጎመን መክተፍ፣ ድፎ ዳቦ መቁረጥ፣ ሥጋ መዘልዘል። ቀጥሎ የጭነት ገመድ ይመጣል፤ በበቅሎ ላይ የተጫነ ዕቃ ሲዞርና ቋጠሮው በእርጥበት አልፈታ ሲል መቁረጥ ግድ ይሆናል። ከዚያ የድንኳን ካስማ ሲጠፋ ምትክ መቅረጽ፣ የተቀደደ ጫማ ለመስፋት ቆዳ መብሳት፣ ፋሻና ፕላስተር መቁረጥ ነው። እንጨት መቁረጥን ግን ከሐሳብዎ ያውጡት፤ ፓርኩ ውስጥ የተከለከለ ነው፣ ማገዶውም ሆነ ምድጃው ከከተማ ተይዞ ነው የሚወጣው። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ምን ያህል አስታና ጓሳ እንደ በላ ያየ ሰው በዚህ ጉዳይ አይከራከርም። ራስን ከአውሬ ለመከላከል የሚል ሐሳብም አያስፈልግም፤ የታጠቀ ጠባቂ አብሮዎት ይሄዳል፣ ጭላዳውም ሰው ካልተጠጋው ሣሩን ከመንጨት ውጭ ሌላ ጉዳይ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናቸው፤ ከመስቀል በኋላ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ጣት ደንዝዞ ሳለ ትንሽ ታጣፊ ቢላ በጥፍር ስቦ መክፈት ያሠቃያል፤ በጓንት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ስለዚህ ቋሚ ይሁን፣ እጀታው ሞላ ያለና የማያዳልጥ ይሁን፣ ቀለሙም ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቢሆን ጓሳ ውስጥ ሲወድቅ ቶሎ ይታያል።

ሐረና

ከላይ የተባለው ለሰሜን ትክክል ነው፤ ነገር ግን አገሩ ሁሉ ሰሜን አይደለም። ጠያቂው ድንገተኛ ችግርንም ጠቅሰዋል። በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት ባለው የሐረና ደን፣ ወይም በምዕራብ በኩል ባሉት የቡና ደኖች፣ ዝናቡ ለወራት አያባራም። እሳት ማንደድ በሚፈቀድበት የማኅበረሰብ ማረፊያ ቢሆን እንኳ የሚገኘው እንጨት ሁሉ ከላይ የራሰ ነው። ደረቁ ያለው በእምብርቱ ስለሆነ፣ ጉማጁን ለመፍለጥ የቢላውን ስለት በጉማጁ አናት ላይ አሳርፎ ጀርባውን በሌላ እንጨት መምታት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ያልዘለቀ ቢላ አዘውትሮ አይችለውም፤ ኮምፓኒየን ደግሞ ብረቱ እጀታው ውስጥ ተደብቆ መንገድ ላይ የሚቀር ነው።

ስለዚህ በጀቱ ከፈቀደ ከዚያው ከሞራኪኒቭ «ጋርበርግ» የተባለውን ይመልከቱ። ስለቱ 10.9 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብረቱም እስከ እጀታው ጫፍ ይደርሳል። ጀርባው ማዕዘኑን እንደ ጠበቀ ስለ ተሞረደ የእሳት መጫሪያ ዘንግን ሲፍቁበት ብልጭታ ያዘንባል፤ የኮምፓኒየን ጀርባ ግን ለስለስ ያለ በመሆኑ ለዚህ አይመችም። የአሜሪካኖቹ «ኢኤስኢኢ 4»ም አለ፤ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ወፍራምና እጅግ ጠንካራ ቢላ ነው።

ዳላርና

ሐረና፣ ስለ ጋርበርግ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፤ ለደን ከሆነ እኔም እመርጠዋለሁ። በውፍረቱ ላይ ግን ወሰን ማበጀት አለብን። የ«ቤከር ቢኬ 2» ዓይነት 6 ሚሊ ሜትር ያለፈ ውፍረት ያላቸው ቢላዎች ለመፍለጥ ምቹ ናቸው፤ ካሮት ላይ ሲያወርዷቸው ግን ገና ግማሽ ሳይደርሱ ካሮቱ ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል፣ አንደኛው ግማሽም ከመክተፊያው ዘሎ ይወድቃል። የደባርቁ ወንድማችን እንዳሉት አብዛኛው ሥራ ምግብ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያጋጥም ለሚችል ሥራ ብሎ ማበላሸት አይገባም። ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ያለው ሁለቱንም ያስታርቃል። ብዙ እንጨት የሚፈለጥ ከሆነ ቡድኑ አንድ ትንሽ ምሳር ይያዝ።

ባሌስትራ

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የብረት ሥራ አስተምራለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሌለው አንባቢም ጥሩ ቢላ የሚያገኝበት መንገድ ስላለ፣ ስለ አገር ውስጥ ቢላ የሚጠቅም መስሎ የታየኝን ልጻፍ።

በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየከተማው ባሉ ቀጥቃጮች ዘንድ የሚሠሩ ቢላዎች መልካቸው ቢመሳሰልም ጥራታቸው በጣም ይራራቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቢላው የተቀጠቀጠበት ብረት ነው። ከግንባታ ፌሮ የተሠራ ቢላ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ምንም ያህል ቢያግሉትና ቢነክሩት እንደሚገባው አይጠነክርም፤ ዛሬ ስለው ነገ ይዶለዱማል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ግን እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው፣ በአግባቡ ከተነከረ ለዓመታት የሚያገለግል ስለት ይይዛል።

አሠራሩም ሊጠየቅ ይገባል። ቀጥቃጩ ብረቱን በፍም ላይ በወናፍ እያጋለ ማግኔት አልስበው እስኪል ድረስ ያደርሰዋል፤ ይህ የሚሆነው 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ጨምሮ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ባሌስትራን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ የውኃ በርሜል ብቻ ያለበት ቤት ከሆነ ዘይት እንዲያዘጋጁልዎ ይጠይቁ። በዚህ ደረጃ ላይ ሞረድ ቢያስኬዱበት ሳይነክስ ይንሸራተታል፤ ይህ መጠንከሩን ያሳያል፣ ነገር ግን ወድቆ ድንጋይ ቢነካ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ 200 ዲግሪ አካባቢ በሆነ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ከመግባቱ በፊት አንድ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ካጸዱት፣ ሲወጣ ያ ጎን የጭድ ቀለም ይዞ ያገኙታል። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ግን ሙቀቱ በዝቷል፤ ብረቱ ለስፕሪንግ እንጂ ለስለት በማይሆን መጠን ለስልሷል።

እጀታውን ከደረቀ ወይራ ቢያስደርጉት፣ ብረቱ በሁለት የወይራ ሰሌዳ መካከል እስከ መጨረሻው ዘልቆ በሪቬት ቢታሰር፣ ውፍረቱም 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ቢያዝዙ፣ ከላይ ከተጠቀሱት የውጭ ቢላዎች ጋር የሚወዳደር ዕቃ በእጅዎ ይገባል። ባለሙያው ያጠፋውን ጊዜ ያህል እንዲከፈለው አደራ እላለሁ፤ በርካሽ ዋጋ እየተከራከርን ጥራት መጠበቅ አንችልም።

የብረቱን ዓይነት በተመለከተ ለተነሣው ጥያቄ፦ አይዝጌ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም አለበት፤ ለዝናብና ለሎሚ ይታገሣል። ካርቦኑ ከፍ ያለ ተራ ብረት ደግሞ ለመሳል ይቀላል፤ አባቶቻችን በቡላድ እሳት እንደሚያወጡት ሁሉ ባልጩት ሲመታው ብልጭታ ይሰጣል፣ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ካደረ ይዝጋል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ቢሆን ለሜዳ ይመቻል። ከ60 በላይ የሆነው ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲዶለዱም በወንዝ ዳር ድንጋይ በቀላሉ አይመለስም፣ አጥንት ሲነካም ሊሸረፍ ይችላል።

ወንጪ ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ዘመዴ የምትኖረው ለንደን ስለሆነ እዚያ ገዝታ ይዛ ስትመጣ በሕግ የሚያስጠይቃት ነገር አለ? ሁለተኛ፣ ስለ መሳያ ድንጋይ ምንም አልተባለም፤ ጉዞ ላይ ምን ልያዝ?

ቴምዝ

እኅትዎ ወይም ዘመድዎ እንዳትቸገር ይህን ያስተላልፉላት። በብሪታንያ ያለ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው ታጣፊ፣ ሲከፈት የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። ቋሚ ቢላ ወይም ሲከፈት የሚቆለፍ ታጣፊ የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ ካላቀረበ እስከ አራት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ የፈረንሳዩ «ኦፒኔል ቁጥር 8» እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረለት የሚዞር የመቆለፊያ ቀለበት ስላለው፣ ትንሽና የዋህ መስሎ ቢታይም በሕጉ ዓይን ከቋሚ ቢላ እኩል መታየቱ ነው። በመሆኑም ቢላው ከሱቅ በቀጥታ ወደ ቤት፣ ከነማሸጊያው ከነደረሰኙ ይሂድ፤ ወደ አውሮፕላን ሲገባ ደግሞ ስለቱ ተሸፍኖ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን። በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ይወረሳል፣ ከዚያም የባሰ ሊከተል ይችላል። በስዊድንም በአደባባይ ቢላ መያዝ ያለ በቂ ምክንያት የተከለከለ መሆኑን ዳላርና የሚያውቁት ይመስለኛል።

ኦፒኔልን ካነሣሁ አይቀር፣ ክብደቱ ከ50 ግራም በታች ስለሆነና ቀጭን ስለቱ ፍራፍሬና አይብ ላይ እጅግ ስለሚያምር፣ ለአንድ ቀን ጉዞ እወደዋለሁ። እጀታው የቢች እንጨት ስለሆነ ግን ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና አልከፈት ይላል።

ዳላርና

አዎ፣ ቴምዝ እንዳሉት ነው። እዚህም ወደ ጫካ ወይም ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ይይዛል፤ ከተማ ውስጥ በቀበቶ አንጠልጥሎ መዞር ግን አይቻልም።

ባሌስትራ

ስለ መሳል። ለጉዞ አንድ ወገኑ 400 (ሻካራ)፣ ሌላው ወገኑ 1000 (ለስላሳ) ቁጥር የሆነ ትንሽ ድንጋይ ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት የስለቱን ተዳፋት በማርከር ያጥቁሩት፤ አንድ ሁለት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ገፍተው ይመልከቱ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ቢላውን በጣም አስተኝተዋል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም አንሥተዋል፤ እኩል ከለቀቀ አንግሉን አግኝተዋል። በአንድ ወገን ሲስሉ ቆይተው በተቃራኒው ወገን አውራ ጣትዎን ከጀርባ ወደ ስለቱ በቀስታ ሲያንሸራትቱ የሚነካካ ቀጭን የብረት ትርፍ እስኪመጣ ድረስ አያቁሙ። ከዚያ ይገልብጡና በሌላው ወገን ያንኑ ይድገሙ። በመጨረሻም ቀለል እያደረጉ፣ ወገን እያፈራረቁ ያንን ትርፍ ካስወገዱ በኋላ በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ ያለስልሱት።

ድንጋዩ ቢረሳ የቡና ሲኒ ይገልብጡ። ሲኒው የሚቀመጥበት ክብ ጠርዝ ቀለም ስላልተቀባ ሻካራ ነው፤ የዶለዶመ ቢላን ባይመልስም የደከመውን ስለት ያነቃዋል።

ነርስ ከሐዋሳ

በድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ስለ አያያዝ ልናገር። ተቀምጣችሁ እንጨት ስትቀርጹ በሁለት ጭኖቻችሁ መካከል አትቀርጹ፤ በጭን ውስጠኛ ወገን የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ከተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል፤ ከተራራ ላይ ደግሞ ሆስፒታል ሩቅ ነው። ሥራውን ከጉልበታችሁ ውጭ አድርጉት፣ ስለቱም ከሰውነት ወደ ውጭ ይሂድ፣ በክንድ ርቀት ውስጥ ሰው አይኑር። ለሌላ ሰው ስታቀብሉ አፎቱ ውስጥ ከትታችሁ አቀብሉ። ቢላው ባለበት ሻንጣ ውስጥ ሰፊ ፋሻና ንጹሕ ጨርቅ ይኑር፤ ደም ከፈሰሰ ወዲያው አጥብቆ መጫን፣ እየደጋገሙ ገልጦ አለማየት።

ሐረና

ለአፎቱም ትኩረት ይስጡ። ቢላውን ከትተው ወደ ታች ዘቅዝቀው ሲነቀንቁት የሚወድቅ ከሆነ አይግዙት። ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ አፎት ለዝናብ ይሻላል፤ የቆዳ ከሆነ እርጥበት ስለሚይዝ ቤት ሲገቡ ቢላውን አውጥተው ለየብቻ ያስቀምጡ።

ወንጪ ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

ወስኛለሁ። ዘመዴ ኮምፓኒየንን በአይዝጌው ብረት፣ ብርቱካናማ እጀታ ያለውን ታመጣልኛለች፤ ለሰሜን የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው። ከባሌስትራ ገለጻ በኋላ ግን የአገራችንን ቀጥቃጭ ሥራ ሳልሞክር መቅረት ስላልፈለግሁ፣ ለደን ጉዞ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የወይራ እጀታ የተገጠመለት ቢላ አዝዣለሁ። ይህኛው የሚዝግ ብረት ስለሆነ በምን ልቀባው? የማሽን ዘይት ምግብ ላይ እንዳይደርስ ሰጋሁ።

ባሌስትራ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የማሽን ዘይት አይጠቀሙ። ምግብ የሚነካ ስለት በኑግ ወይም በሌላ የምግብ ዘይት ስስ ተደርጎ ቢታበስ ይበቃዋል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግን የምግብ ዘይት ስለሚያጣብቅና ስለሚሸት፣ ፋርማሲ የሚሸጠውን ነጭ የፓራፊን ዘይት ይጠቀሙ። ከሁሉ በፊት ሎሚ፣ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ከቆረጡበት በኋላ ወዲያውኑ አጥበው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ጥቂት ጊዜ ከሠራበት በኋላ ፊቱ ላይ የሚወጣው ግራጫና ሰማያዊ ጥላ ዝገት አይደለም፤ ብረቱን ከቀይ ዝገት በመጠኑ የሚከላከል ሽፋን ስለሆነ ፍቀው አያስለቅቁት። ቀዩን ዝገት ብቻ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ አሽተው ያስወግዱት።